ትሬለር ውስጥ የተደበቀ ቧንቧ እንዴት ተፈልጎ ይገኛል?

ሁሉም ቧንቧ ተዘግቷል። ገላውን የሚታጠብ ሰው የለም። ግን እኩለ ሌሊት ላይ የውሃው ፓምፕ በራሱ ጥርር ብሎ ይነሳና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ትሬለር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ችላ አትበሉት። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት የሆነ ቦታ እየወረደ ነው። ውሃው ወይ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው።

የት? እሱን ማወቁ ነው ሥራው። ፓምፑ የት እንዳለ፣ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከላይ ሲታይ አይታወቅም። ሁሉም ነገር በአልጋ፣ በካቢኔትና በስስ ጣውላ ተሸፍኗል። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ያገለገለ ትሬለር የገዛነው ልጆቹን ይዘን ወደ ተራራው ለመውጣት ነበር። ከትሬለሩ ጋር አንድ ቦርሳ ሙሉ መመሪያ ተሰጠን፤ የፍሪጁ፣ የምድጃው፣ የቦይለሩ፣ የማሞቂያው። ቧንቧው በየት እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድም ሥዕል ግን አልነበረበትም። ትሬለር የገዙ ወዳጆቻችን ደጋግመው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ስለሆነ፣ እጄ የደረሰበትን ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ትሬለር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ የሚገጣጠሙት ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ነው። መኖሪያ ቤት ሲሠራ ግድግዳው ይቆማል፣ ጣራው ይለብሳል፣ ካቢኔቱና ቁምሳጥኑ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ትሬለር ላይ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ሻሲው ላይ ወለሉ ይነጠፋል። ቧንቧው ወለሉ ላይ ይዘረጋል። የአልጋው ሣጥን፣ የኩሽናው ካቢኔት፣ የሻወሩ ገንዳ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። የውጭው ግድግዳ ተነስቶ የሚቆመው እነሱ ካለቁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ያንን መገጣጠሚያ ያጠበቀው ሠራተኛ ከፊቱ ግድግዳ አልነበረበትም። ዛሬ የእኛ እጅ አልገባ የሚለው ለዚህ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ የውጭው ግድግዳ ቀጭን ነው፣ ውስጡም የሙቀት መከላከያ ተሞልቶበታል። ቧንቧ እምብዛም አይገባበትም። ቧንቧው የሚገኘው ወለል ለወለል ነው፤ በካቢኔት ሥር፣ በአልጋ ሥር፣ በሻወሩ ጀርባ። ግድግዳ ለመቅደድ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ታች ተመልከቱ።

ፍለጋውን ከውጭ ጀምሩ። ትሬለሩን ቀስ ብላችሁ ዙሩትና ከውሃ ጋር የሚገናኘውን ሁሉ መዝግቡ። የካምፑ ውሃ ጎማ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የንጹሕ ውሃ ታንከር የሚሞላበት አፍ፣ የቦይለሩ በር፣ የውጭው ሻወር ሣጥን፣ ከሥር ወደ ታች የወጡ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ የቆሻሻ ውሃው መልቀቂያ። እያንዳንዳቸው ከጀርባቸው ቧንቧ አላቸው። ከውስጥ የትኛው ካቢኔት ጀርባ እንደሚውሉ ለማወቅ መስኮት ፈልጉ። መስኮት ከውጭም ከውስጥም ይታያል። ከመስኮቱ ጠርዝ እስከ ሻወሩ ሣጥን ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ያንኑ ልክ ከውስጥ ድገሙት። እኛ የውጭው ሻወር ከመታጠቢያ ቤቱ ካቢኔት ጀርባ መሆኑን ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ብሎን እንኳ ሳንፈታ።

ቀጥሎ ፓምፑ። አብዛኛው የትሬለር ፓምፕ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ በደቂቃ 3 ጋሎን ወይም 11 ሊትር ገደማ የሚገፋ ነው። ቧንቧ ሲከፈት ግፊቱ ይወርድና ይነሳል፤ ግፊቱ 45 ወይም 55 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ባለቤቴ ኩሽና ቆማ ቧንቧውን በስሱ ከፈተችልኝ፤ እኔ እያዳመጥኩ ዞርኩ። ድምፁ አሳሳች ነው። ቧንቧው ጣውላውን እየነካ ስለሚንቀጠቀጥ ከፓምፑ ርቆም ይጮኻል። ከጆሮ ይልቅ መዳፍ ይሻላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ በየጣውላው ላይ አሳርፉ፤ ንዝረቱ በጣም የሚበረታበት ቦታ ጀርባ ፓምፑ አለ። ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር፣ ከመመገቢያው ወንበር ሥር፣ ከኩሽናው ካቢኔት ታች ወይም በውጭ በኩል ከሚከፈተው ዕቃ ማስቀመጫ ጀርባ ይሆናል። የእኛ ከዋናው አልጋ ሥር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ጣውላ ጀርባ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ብሎኖቹ ልንገራችሁ። ትሬለር ውስጥ ያለው አብዛኛው ብሎን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው። በተለመደው ካቻቢቴ ከታገላችሁት ጥርሱ ይበላል። ከማንኛውም የዕቃ መደብር ቁጥር 2 ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ግዙ፤ ዋጋው ምንም አይደል። አንዳንዱ ብሎን የእንጨቱን ቀለም በያዘ ትንሽ ተለጣፊ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ጥፍራችሁን በጣውላው ላይ እያንሸራተታችሁ ፈልጉት፤ ዓይን የማያየውን ጥፍር ያገኘዋል። ጣውላው ብሎን ከሌለው ደግሞ በትንንሽ ሚስማር የተያዘ ነው። በስስ መላጫ ከጠርዙ ቀስ በቀስ ካላቀቃችሁት ሳይሰበር ይመጣል።

ፓምፑን ስታገኙ ብዙ ነገር አብሮ ይገኛል። በመግቢያው በኩል ትንሽ ግልጽ ማጣሪያ አለች፤ ክዳኗ ከላላ አየር ትስባለች። አጠገቡ ክረምት ሲመጣ ፀረ በረዶ ፈሳሽ የሚሳብበት ቀጭን ቱቦና ማዞሪያ ሊኖር ይችላል። ከመውጫው የሚነሳውን ቧንቧ ደግሞ በእጃችሁ ተከተሉት። ብዙ ትሬለር ላይ ሰማያዊው ቀዝቃዛ፣ ቀዩ ሙቅ ነው። ሁሉም ነጭ ከሆነ ቦይለሩን አብሩና ሙቅ ውሃ ክፈቱ፤ የሚሞቀውን በእጅ ትለዩታላችሁ።

አሁን ወደዚያ የሌሊት ድምፅ እንመለስ። ጣውላ ከመፍታት በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ የሚለይ ቀላል ምርመራ አለ። ፓምፑን አብሩ፣ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ የካምፕ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። ከዚያ የሚንጠባጠብ ከሆነ በውስጡ ያለችው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግደው ቫልቭ ተበላሽታለች። ካልተንጠባጠበ ፓምፑን አጥፉና በውሃ ጎማ ከካምፑ መስመር ጋር አገናኙ። የግፊት መቀነሻ ሳታስገቡ ግን በጭራሽ አታገናኙ፤ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃል። አንዳንድ ካምፕ ግፊቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ንጹሕ ውሃ ታንከሩ በራሱ መሙላት ከጀመረ ውሃው በፓምፑ በኩል እየተመለሰ ነው፤ የፓምፑ ጭንቅላት ይቀየራል። ቦይለሩን ለመለየት ደግሞ የካምፑን ውሃ ዘግታችሁ ፓምፑን መልሳችሁ አብሩና፣ ውሃው ቦይለሩን ሳይነካ እንዲያልፍ ከጀርባው ያሉትን ማዞሪያዎች ወደ ማለፊያ አዙሩ። ፓምፑ መነሳቱን ካቆመ ችግሩ ቦይለሩ ጋ ነው። ከነዚህ አንዱም ካልሆነ ውሃው ትሬለሩ ውስጥ እየፈሰሰ ነውና መፍጠን አለባችሁ። ስሱ ጣውላና ቺፑድ ውሃ ከጠጣ አይመለስም።

የእኛ የመጨረሻው ነበር። አልጋው ሥር፣ ጥጉ ላይ ወለሉ ረጥቧል። አዲስ አበባ ረጅም ዘመን በቧንቧ ሥራ የቆዩ አንድ ጋሼ አሉን፤ መጥተው እንዲያዩልን ለመንኳቸው። የአልጋውን ክዳን አንስቼ፣ «ጋሼ፣ እርጥቡ እዚህ ነው» አልኳቸው።

በርከክ ብለው አዩት። «ይሄ የተኛበት ነው ልጄ፤ የተነሳውስ ከወዴት ነው? ይሄ ቤት ወዴት ነው ያዘነበለው?»

ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀምጠን አየን። ትሬለሩ በትንሹ ወደዚያ ጥግ አጋድሏል። የትሬለር ወለል ላይ ውሃ በምንጣፍ ፕላስቲኩ ሥርና በእንጨቱ ጠርዝ እየሾለከ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ስለዚህ እርጥቡን ካገኛችሁበት ቦታ ወደ ከፍተኛው ጎን ተመለሱ። ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ከነበረው ሶፍት እየቆረጡ በየመገጣጠሚያው ዙሪያ ጠቀለሉ፤ ፓምፑን አብሩት አሉን፤ ቁጭ ብለን ጠበቅን። እጅ ላብ ስላለው እርጥበትን አይለይም። ሶፍት ግን አንዲት ጠብታ ከነካችው ወዲያው ቀለሙ ይጠቁራል። ፓምፑ ጋ ያሉት ሁሉ ደረቅ ሆኑ። ሻወሩ ሥር ያሉትም ደረቅ። ከዚያ ወዲያ የሚሄደው ቀይ ቧንቧ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ካቢኔት ጀርባ ይገባና አይታይም።

ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን የካሜራ ገመድ አለ። ትሬለር ያለው ሰው ሁሉ ቢገዛው ደስ ይለኛል፤ እኔን ብዙ ጣውላ ከመፍታት አድኖኛል። ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎን አሾልከን አስገባነው። ስልኩ ላይ የውጭው ሻወር ጀርባ መጣ። ቀዩ ቧንቧ የሚገባበት ነጭ ፕላስቲክ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ከስንጥቁ ሥር ጠብታ ታብጣለች፣ ትረዝማለች፣ ትወድቃለች። ዙሪያውን ነጭ የኖራ ቅርፊት ይዞታል፤ የቆየ ነገር መሆኑ ከቅርፊቱ ያስታውቃል።

ምክንያቱ በረዶ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዛሬ ትሬለር ላይ የሚገጠመው ፔክስ የሚባለው ቧንቧ ትንሽ ስለሚለጠጥ ይችለዋል። የማይችሉት ጠንካራዎቹ ናቸው፤ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ፣ የፓምፑ ጭንቅላት፣ የማጣሪያዋ ክዳን፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው የሻወር ማደባለቂያ። ክረምት ሲገባ ሰው የኩሽናውንና የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ያስወጣል፤ የውጭው ሻወር ግን በር ስላለው ከዓይን ይሰወራል፣ ይረሳል። የውጭ ሻወር ያለው ትሬለር የገዛችሁ ሁሉ በመጀመሪያ እሱን እዩ።

እዚያ ለመድረስ የካቢኔቱን ጀርባ መቁረጥ ግድ ሆነ። በዚህ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። ከጣውላው ጀርባ የኤሌክትሪክ ገመድም የጋዝ ቧንቧም ሊኖር ይችላል። የውጭውን ኤሌክትሪክ ነቅለን፣ ባትሪውን ለይተን፣ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋን። በካሜራው ግራና ቀኙን፣ ላይና ታቹን አየን። ከዚያ በንዝረት የሚቆርጥ ትንሽ መጋዝ ወስደን ስለቱ ላይ የጣውላውን ውፍረት ያህል በፕላስተር ምልክት አደረግን። ከምልክቱ በላይ እንዳይገባ ነው። ቀዳዳውን ሁለት እጅ እንዲገባበት አድርጉት። አንድ እጅ ቧንቧውን ይዞ ሌላው ካላዞረ ሥራው አይሆንም። የተቆረጠውን ጣውላ በሚከፈት የፕላስቲክ በር ቀየርነው፤ የዕቃ መደብሮች የቧንቧ መፈተሻ በር ብላችሁ ብትጠይቁ በየመጠኑ አላቸው።

የተሰነጠቀውን የውጭ ሻወር ማደባለቂያ መቀየሩ ራሱ ቀላል ነበር። ብዙ የትሬለር መገጣጠሚያ ውስጡ ሾጣጣ ጎሚኒ ያለው የፕላስቲክ ክብ ነው። በእጅ ይጠበቃል፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ይጨመራል፤ ከዚያ ካለፈ ይሰነጠቃል። ጎሚኒው ነው የሚዘጋው እንጂ ነጩ የቧንቧ ፕላስተር አይደለም፤ አትጠቅልሉበት። መንገዱ ስለሚያንቀጠቅጠው እነዚህ በጊዜ ብዛት ይላላሉ። የሚያንጠባጥብ ሁሉ የተሰበረ አይደለም፤ መጀመሪያ በእጅ ሞክሩት።

ቧንቧው ግራጫ ከሆነና ፒቢ2110 የሚል ጽሑፍ ካለበት ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ከ1978 እስከ 1995 ይመረት የነበረ ፖሊቡቲሊን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፣ መጠኑም ከፔክስ ትንሽ ይለያል። ለሁለቱ ማገናኛ ተብሎ የተሠራ ልዩ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። አሮጌ ትሬለር ልትገዙ ከሆነ አልጋውን አንሱና ይህን አይታችሁ ተነጋገሩ።

ስለ ቦይለሩ። ከውጭ በሩን ስትከፍቱ የምታዩት ፊቱን ነው፤ ውሃው የሚገባውና የሚወጣው ከጀርባው ስለሆነ ከውስጥ ነው የሚደረስበት። ብዙ ጊዜ ከኩሽናው መሳቢያዎች ጀርባ ይውላል። መሳቢያውን እስከ መጨረሻ ስባችሁ ከጎኑ ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ ብትጫኑ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። እዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማዞሪያዎች ታገኛላችሁ። ውሃው ቦይለሩን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ባለ 6 ጋሎን ቦይለር 23 ሊትር ያህል ይይዛል። ማለፊያው ሳይዞር ፀረ በረዶውን ከጨመራችሁ ያን ሁሉ ሊትር ቦይለሩ ይጠጣዋል። ሲዞር ግን ለተለመደ ትሬለር 2 ወይም 3 ጋሎን ይበቃል። ሮዝ ቀለም ያለውንና ለትሬለር የውሃ መስመር ተብሎ የተሠራውን ብቻ ግዙ፤ የመኪናው መርዝ ነው።

ቦይለሩን ለማፍሰስ አስቀድማችሁ ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ። ሰበርባን የሚባለው ሥሪት የብረት ታንከር ስላለው ዝገቱን በራሱ ላይ የሚወስድ ዘንግ አለው፤ የሚፈታው በ1 ከ1/16 ኢንች ቁልፍ ነው። ዘንጉ ከሳሳ ቀይሩት። አትውድ የሚባለው የአሉሚኒየም ስለሆነ ያ ዘንግ አይገባበትም። ባዶ ቦይለር በኤሌክትሪክ ማብራት ደግሞ ማሞቂያውን ወዲያው ያቃጥለዋል። ውሃ መሙላቱን በሙቅ ውሃ ቧንቧ በኩል አረጋግጡ፤ አየር ሳይተፋ በአንድ ወጥ መፍሰስ አለበት።

ከወለሉ ሥር ያለው ብዙዎችን ያስፈራል። ታንከሮቹና የቆሻሻ ውሃው ቫልቮች ያሉት እዚያ ነው። በብዙ ትሬለር ላይ ሥሩ በሙሉ እንደ ካርቶን ውስጡ ክፍት ክፍት በሆነ ጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል። ከመግባታችሁ በፊት ጎማውን በሁለቱም በኩል በድንጋይ ወይም በታኮ ያዙ። ጥግ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክሪኮች ትሬለሩ እንዳይወዛወዝ እንጂ ክብደቱን እንዲሸከሙ አልተሠሩም፤ በነሱ ተማምናችሁ አትግቡ። ፕላስቲኩን በሙሉ ማውረድ አያስፈልግም። በአንድ በኩል ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ወደ ታች አጥፉትና በመብራት እዩ። አንድ ቦታ ሆድ አውጥቶ የተንጠለጠለ ከሆነ ውሃ አጠራቅሟልና ከሥሩ ፊታችሁን አታድርጉ፤ በጎን ሆናችሁ ትንሽ ቀዳዳ አብጁለትና ባልዲ ውስጥ ይውረድ። መጀመሪያ ማሽተት ነው፤ ሽታ ካለው የቆሻሻ መስመሩ ነው፣ ከሌለው የንጹሑ። መሃል ላይ መቁረጥ ግድ ከሆነ በሦስት ጎን ብቻ ቁረጡና እንደ በር ይከፈት፤ ሲያልቅ ጠርዙን በደንብ አጽድታችሁ ውሃ በማያስገባ ሰፊ ፕላስተር ዝጉት። አጽጂ አልኮል ካላለፈበት ፕላስተሩ አይዝም።

ወደ ታች የወጡት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ያልተገኙ እንደሆነ ከዚሁ ፕላስቲክ በላይ ተደብቀው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከውስጥ በአልጋው ሣጥን ጥግ ማዞሪያቸው አለ። የመስመሩን ዝቅተኛ ቦታ የሚያፈሱት እነሱ ስለሆኑ ክረምት ሳይገባ ማግኘት ግድ ነው።

ትሬለሩ ውስጥ የፍሳሽ ሽታ ካለና ምንም የሚፈስ ካልታየ ደግሞ ከመታጠቢያው ገንዳ ሥር ወደ ኋላ እጃችሁን ስደዱ። ከሲፎኑ ከፍ ብሎ ጥቁር ክዳን የመሰለ ቁራጭ ቧንቧው ጫፍ ላይ ታገኛላችሁ። አየር ያስገባል፣ ሽታ ግን እንዳይወጣ ይዘጋል። ጎሚኒው ሲደርቅ መዝጋቱን ይተዋል። በእጅ ተፈትቶ በእጅ ይገባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

የከፈታችሁትን ጣውላ ሁሉ ከመዝጋታችሁ በፊት ሜትሩን አጠገቡ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከበሩና ከወለሉ ስንት ኢንች እንደሚርቅ በፎቶው ላይ ይታይ። እኔ በየካቢኔቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ «ፓምፕ እዚህ»፣ «የቦይለር ማለፊያ እዚህ» ብዬ በፕላስተር ለጥፌያለሁ። ባለቤቴም እኔ በሌለሁበት ራሷ ታፈስሰዋለች። ጸደይ ላይ ውሃ ስትሞሉ ደግሞ እነዚያን በሮች ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ፣ ደረቅ ሶፍት በየመገጣጠሚያው ጠቅልላችሁ ፓምፑን አብሩ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ካልተነሳና ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ መዝጋት ትችላላችሁ።